የያምሮት ግራ እጅ

ባጃጅ ነጂ ላም ሲያይ ፍሬን ይይዛል ብሎ የሚያምን ሰው ካለ፣ የጅጋ ገበያ በዋለበት ቀን መንገድ ወጥቶ አያውቅም ማለት ነው። ያምሮት የተሳፈረችበት ባጃጅ ላሟን ሸሽቶ ቦይ ውስጥ ሲገባ፣ ላሟ ዞር ብላ እንኳ አላየችም። ነጂው ምንም አልሆነም። ባጃጁም ከቦዩ ተጎትቶ ወጥቶ በማግስቱ ሥራ ገባ። የተሰበረው የያምሮት የግራ እጅ አንጓ ብቻ ነበር።

ሊጠይቃት የመጣው ሁሉ «ተመስገን በይ፣ ግራው ነው» አላት። ጠያቂ መቼም አጽናናሁ ብሎ ያቆስላል። ያምሮት የሰርግ ኪቦርድ ተጫዋች ናት። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ አንዳንዴም እስከ አዴት ድረስ፣ ዳስ ተጥሎ ዳኘው የሚባለው ዘፋኝ ከዘፈነ ከኋላው ቆማ የምትጫወተው እሷ ናት። በቀኝ እጇ ዜማውን ትከተላለች፤ በግራዋ ደግሞ ከሥር ሆነው የሚደግፉትን ድምፆች ሦስቱንም አራቱንም በአንድ ጊዜ ትጫናለች። ኮርድ የሚሉት ይህን ነው። ቀኙ ሙሽራ ቢሆን ግራው ሚዜ ነው፤ ሚዜ የሌለው ሙሽራ ደግሞ ምን እንደሚመስል ሰርግ የሄደ ያውቃል።

አጥንቷን የገጠመላት ወጌሻ እጁ የተመሰከረለት ሰው ነበር፤ አጥንቱም በደንብ ገጠመ። ችግሩ ፋሻው ሲፈታ መጣ። አውራ ጣቷ፣ አመልካች ጣቷና መሀል ጣቷ ደከም ብለውም ቢሆን ታዘዙ። የቀለበት ጣቷና ትንሿ ጣቷ ግን ቢጠሯቸው የማይሰሙ ሆኑ። «ይመለሳሉ» አላት ወጌሻው። «መቼ?» ብትለው ሽቅብ ወደ ሰማይ አየ።

ይህን ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ዳኘው ክፉ ሰው አይደለም፤ ለድምፁ ግን እንደ አንድ ልጅ እናት የሚሳሳ ነውና፣ ቢያውቅ በማግስቱ ሌላ ተጫዋች ይፈልጋል። ይህም ይሁን። ያልቻለችው የእናኑን ነገር ነው። እናኑ ታናሽ እህቷ ናት። እናታቸው ያረፉት እናኑ የወተት ጥርሷን ሳትነቅል ነበርና፣ ከዚያ ወዲህ ልብሷን ያጠበላት፣ ትምህርት ቤት የሸኛት፣ በየበዓሉ ሹሩባ የሠራት ያምሮት ናት። አንድ ቀን ፀጉሯን እየሠራቻት «ስትዳሪ ሌላ ሰው አይጫወትልሽም፤ ወደ ዳሱ የማስገባሽ እኔ ነኝ» ብላ ቃል ገብታላታለች። እናኑም ይህን ቃል አልረሳችም፤ ሰርጓ የተቆረጠ ዕለት መጀመሪያ ያነሳችው እሱን ነው። ሰርጉ ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ባለው እሑድ፣ ቡሬ፣ አባታቸው ቤት ነው። ያምሮት ጣቶቼ ሞተዋል ብትላት፣ ያቺ ልጅ በሰርጓ ቀን ስታለቅስ መዋሏ ነው። ስለዚህ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ ወደ ስመኘው ሄደች።

ስመኘው ፍኖተ ሰላም መናኸሪያው አጠገብ የሰርግ ቪዲዮ ያቀናብራል፣ ፎቶ ያነሳል፣ የተበላሸ ሞባይል ይከፍታል፤ የሚዘጋው ግን አንዳንዱን ብቻ ነው። አዲስ አበባ አንድ ስቱዲዮ ውስጥ ሠርቶ፣ ከሚሊኒየሙ በኋላ አንድ ላፕቶፕና ብዙ ወሬ ይዞ ተመልሷል። ያምሮት ምስጢሯን የነገረችው ለእሱ ብቻ ነው፤ የመረጠችውም አዋቂ ስለሆነ ሳይሆን የሰው ጉዳይ ቶሎ ስለሚረሳ ነው።

ስመኘው ኪቦርዷን በቀጭን ሽቦ ከላፕቶፑ ጋር አያያዘው።

«ይህቺ ሽቦ ድምፅ አትሸከምም» አላት። «ወሬ ነው የምትሸከመው። ይህ ቁልፍ ተነካ፣ በዚህን ያህል ጉልበት ተመታ፣ አሁን ተለቀቀ ትላለች። ሚዲ ማለት ይኸው ነው፤ ድምፁን የሚያወጣው ላፕቶፑ ነው። እንግዲህ ወሬው ላፕቶፑ ዘንድ ሳይደርስ መንገድ ላይ እናስቆመውና እንደፈለግን እናስተካክለዋለን።»

«ወሬ እየለወጣችሁ ነዋ የምትኖሩት!»

«አገሩ ሁሉ ያላፈረበትን እኔ ልፈርበት?»

ኢፌክት የሚላቸውን እየጠራ አሳያት። አንደኛው፣ አንዲት ቁልፍ ስትነካ ጓደኞቿን ጠርቶ የሚያመጣ ነው፤ በአንድ ጣት ሙሉ ኮርድ ይሰማል። «እኔ አንድ ለአምስት ብዬዋለሁ፤ ቀበሌ ያደራጀው ይመስል» አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ። ሁለተኛው የምቱን ጉልበት የሚያይ ነው፤ ጣት ቢደክምም ቁልፉ ላይ የወደቀውን ድካም ወደ ብርታት ይለውጠዋል። ስመኘው ኪቦርዱን ለሁለት ከፍሎ እነዚህን ለግራ እጇ ብቻ ሰጣት።

ያምሮት በአመልካች ጣቷ አንዲት ቁልፍ ነካች። ያ ከአደጋው ወዲህ ያልሰማችው ሙሉ ድምፅ፣ የራሷ የግራ እጅ ድምፅ፣ ከስፒከሩ ወጣ። ደግማ ነካች። ከዚያ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ስመኘው ግራ ገብቶት «ምነው፣ ድምፁ በዛ እንዴ?» እያለ መቀነሻውን ፍለጋ ጀመረ።

ደስታ ሲበዛ ግን ጆሮ ይደፍናል። ኮርዱን ከፕሮግራሙ ጋር የመጣውን እንዳለ ወሰዱት፤ ጉልበቱንም ሁሉን እኩል አድርገው ጣሪያ ላይ ሰቀሉት። ደካማ ጣት ይህን ያህል ከጮኸ ምን ጎደለው ብለው ተለያዩ።

ልምምዱ ላይ ዳኘው ለእናኑ መግቢያ የመረጠውን የትዝታ ቅኝት ዘፈን ጀመረ። ሁለት ስንኝ እንኳ ሳይጨርስ እጁን አነሳ።

«ያምሮት፣ ይህን ዘፈን ፈረንጅ አገር ወስደሽው ነበር እንዴ?»

ከበሮ መቺው ባምላኩ ሳቁን ዋጠ። ያምሮትም ጥፋቱን ሰምታዋለች። ትዝታ አምስት ድምፅ ያለው ቤት ነው፤ ያ አንድ ለአምስት የተባለው ግን ጓደኛ ጥራ ሲባል ቤተኛ ይሁን ባዳ ሳይጠይቅ ያገኘውን ይዞ ይገባል። አንዳንዱ ቁልፍ ላይ ይስማማል፤ አንዳንዱ ላይ ከቅኝቱ ውጪ የሆነ ድምፅ ይዞ መጥቶ መሀል ላይ ያስቀምጣል።

«ደግሞስ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምትደበድቢው?» አለ ዳኘው። «ሁሉም እኩል ጮኸ። እስክስታ የሚወርድ ሰው ትከሻውን የቱ ላይ ያሳርፍ?» ከዚያ ድምፁን አለስልሶ ወደ እሷ ቀረበ። «የእህትሽ ሰርግ ነው፤ ሐሳብ ይዞሽ ይሆናል፣ አልፈርድብሽም። አንቺ ቤተ ዘመድ ሆነሽ ተቀመጪ። እኔ ከባሕር ዳር ሰው አስመጣለሁ።»

ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ለቁጣ መልስ አይጠፋም፤ ለደግነት ግን ምን ይባላል? «አንድ ልምምድ ጨምርልኝ» አለችው።

በማግስቱ የሰርጉን ቅመም ይዛ ቡሬ ወረደች። አባቷ መሪጌታ ክንፈሚካኤል ዜማ ያስተምራሉ፤ ስትደርስም ደቀ መዛሙርቱን ግቢያቸው ካለው ዋንዛ ሥር ደርድረው ያስቀጽሉ ነበር። ከተማሪዎቹ ወልደ ዮሐንስ የተባለው ደረቱ ሰፊ ነው፤ እሱ አፉን ሲከፍት ሌሎቹም ላለመበለጥ ይጮኻሉ። ዳር ላይ የተቀመጠው የቀጭን ድምፅ ባለቤት ከነጭራሹ አይሰማም።

መሪጌታ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ሁለት ጊዜ መቱ። «ልጆቸ፣ ሁሉም መሪ ከሆነ ተቀባዩ ማን ሊሆን ነው?» አሉ። ወደ ቀጭን ድምፁ ተማሪ ዞሩ። «አንተን ጩህ አላልኩህም። ና፣ ወደ እኔ ቀረብ በል። እዚህ ሁነህ በልክህ በል።» ልጁ ተነስቶ እግራቸው ሥር ተቀመጠ። እንደገና ጀመሩ። አሁን የወልደ ዮሐንስ ጉልበት ጉልበት ሆኖ፣ የልጁም ቅጥነት ቅጥነት ሆኖ፣ ሁሉም ተሰማ።

ያምሮት ዘንቢሉን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

«ምነው ልጀ፣ እጅሽ አመመሽ?» አሉ አባቷ።

«ኧረ ደህና ነው አባየ። ደህና ዋሉ?»

«ተመስገን» አሉና ረዘም አድርገው አዩዋት፤ ሌላ ግን አልጠየቁም።

ፍኖተ ሰላም ስትመለስ ስመኘው አዲስ ነገር አግኝቶ ጠበቃት። ቅኝት የሚጠብቅ ሌላ ኢፌክት ነው፤ አምስቱን ድምፆች ከነገሩት፣ ስድስተኛ ሲመጣ ይዞ ወደ ቅርቡ ቤተኛ ያስጠጋዋል። ስመኘው ይህን ከአንድ ለአምስቱ በፊት አስቀመጠውና ንኪ አላት። ያምሮት ነካች። ባዳዎቹ ድምፆች አሁንም እንደ ልባቸው ገቡ።

«ተበላሽቷል» አለ ስመኘው።

«ምን ይበላሻል! ዘበኛውን በር ላይ አቁመህ እንግዶቹን ጓዳ ውስጥ ነው የምትጠራቸው። እሱ የሚያየው እኮ እኔ የነካሁትን አንድ ድምፅ ብቻ ነው። መጀመሪያ ይጠሩ፣ ከዚያ በእሱ በኩል ይለፉ።»

ቦታቸውን አቀያየረ። ነካች። ትዝታ ትዝታ ሆነ።

«ጉልበቱንም ከጣሪያው አውርድልኝ» አለች። «ሁሉን እኩል አታድርግ። ዝቅ ያለውን ብቻ ትንሽ ወደ ላይ አቅርበው፤ ጠንካራውን አትንካው። ቀስ ብዬ ስነካ ቀስ ማለቴ ይታወቅ፣ ግን ይሰማ።» ስመኘው ላፕቶፑ ላይ ጉልበቱን የሚያሳየውን መስመር ከታች በኩል ከፍ አደረገላት። የደከሙት ሦስት ጣቶቿ ያላቸውን ያህል ተናገሩ፤ ያላቸውም በቃ።

«ይህቺ መጨረሻ ላይ ያለችው ደግሞ የወጣውን ሁሉ አንድ ላይ ሽቅብና ቁልቁል የምታደርግ ናት» አለ ስመኘው አንዲት ክብ ምልክት እያሳያት። «አትንኪያት።»

ቀጣዩ ልምምድ ላይ ዳኘው ዘፈኑን ሳያቋርጥ ጨረሰው። ከዚያ ባምላኩንም እሷንም ሻይ ጋበዘ። ዳኘውን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ላፕቶፑን አይቶ «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» ሲላት፣ «ስመኘው ለቪዲዮው ድምፅ የሚቀዳበት ነው» አለችው። ትንሽ ውሸት ናት፤ ያምሮት ግን ያን ቀን በደስታዋ ብዛት ከዚህም የተለቀ ትዋሽ ነበር።

ለሰርጉ ዋዜማ እናኑ እንደ ልጅነቷ ከእግሯ ሥር ቁጢጥ ብላ ፀጉሯን ሰጠቻት። የቀኙ ጎን ሹሩባ እንደ ድሮው ጥብቅ ብሎ ወረደ። የግራው ግን እምቢ አለ። ያንን ጎን ስትሠራ ፀጉሩን ወጥሮ የሚይዘው ግራ እጇ ነው፤ ሁለቱ ጣቶች ሳይታወቃት ይለቁታል። ያዢልኝ ማለት ምስጢሯን ማውጣት ነውና አላለችም። ፈታች፣ ደገመች፣ ፈታች። እናኑ አንገቷን እንዳቀረቀረች ቆየች።

«ትንሽ ላላ እንዴ?» አለች ያምሮት በመጨረሻ።

እናኑ በመዳፏ ዳሰስ አደረገችው። «ጥሩ ነው እታለም። በጣም ጥሩ ነው» አለችና ተነስታ ሄደች።

እሑድ ካህናቱ በከበሮና በጸናጽል ዝማሬያቸውን አድርሰው፣ መሪጌታ ሙሽሮቹን መርቀው ወደ ጓዳው ማዕድ ገቡ። ተራው የእነ ዳኘው ሆነ። ያምሮት ላፕቶፑን ከኪቦርዱ ሥር በርጩማ ላይ አድርጋ ነጠላ ጣል አደረገችበት። የዳሱ መጋረጃ ተገልጦ እናኑ ከሙሽራው ጋር ስትታይ ባምላኩ ከበሮውን አነሳ፤ ያምሮትም የመግቢያውን ዜማ ጀመረች። እልልታው ዳሱን አናወጠው። የግራ እጇ ድምፅ ከሥር ሞልቶ መጣ፤ ያምሮት እንባዋ ሊቀድማት ደረሰ።

ነገር ግን ዳኘው አንድ አመል አለው። ሙሽራ ሲያይ ድምፁ ከፍ ይላል። ጮክ ማለቱ አይደለም፤ ከጀመረበት አንድ እርከን ሽቅብ ወጥቶ እዚያው ይዘፍናል። ልምምድ ላይ ሙሽራ የለችም፤ ስለዚህ ልምምድ ላይ አይወጣም። ባንዱ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ያምሮትም ሁልጊዜ ጣቶቿን ወደ ሌሎቹ ቁልፎች አሸጋግራ ትከተለዋለች። የማያውቀው ላፕቶፑ ነው፤ እሷም መንገር ረስታለች።

ዳኘው እናኑን አየና ወጣ። ያምሮት ተከትላው ወጣች። ቅኝት ጠባቂው ዘበኛ ግን የሚያውቀው የድሮዎቹን አምስት ድምፆች ነውና፣ አዲሶቹን እየያዘ ወደ ድሮው ቤታቸው ጎተታቸው። ትክክል የነካችው ስህተት ሆኖ ወጣ። ዳኘው ዘፈኑን ሳያቆም ዓይኑን አጉረጠረጠ። እናኑ ገና የዳሱ መሀል አልደረሰችም።

ይኸው፣ በዚያችው ቀን፣ በዚያችው ዘፈን! ያን ጊዜ ያምሮትን ስመኘው አትንኪያት ያላት ምልክት ትዝ አለቻት፤ የወጣውን ሁሉ አንድ ላይ ሽቅብ የምታደርገው። ምልክቷን ለመንካት ግን ቀኝ እጇን ማንሳት አለባት፤ ቀኙ ከተነሳ ግራው ብቻውን ራቁቱን ይቀራል። ለአፍታ አመነታች። ከዚያ ለባምላኩ በአገጯ ምልክት ሰጠችና ሁለቱንም እጆቿን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች፤ የግራው ሁለት ጣቶች ተንጠልጥለው በሰው ፊት ታዩ።

ባምላኩ ገባው። ከበሮውን ብቻውን አወረደው። ዳኘውም ዘፈኑን አቁሞ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ዳሱ አብሮት አጨበጨበ፤ እናኑ በከበሮው ብቻ መሀሉ ድረስ ገባች። ያምሮት ነጠላውን ገልጣ ምልክቷን አንድ እርከን ሽቅብ አደረገች። ጣቶቿን በልምምዱ ጊዜ ወደነበሩበት ቁልፎች መለሰች። ዳኘው አፉን ሲከፍት ነካች።

ገጠመ። ድምፁ ከሥሩ መጥቶ ዘፋኙን እንደ ትከሻ ተሸከመው። አንዲት አሮጊት እልል ብለው ብድግ አሉ፤ ከእሳቸው በኋላ የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

እረፍት ሲሆን ዳኘው ላቡን እየጠረገ መጣ። «ያቺን ዝምታ ማን አስተማረሽ? ከዛሬ ጀምሮ ሙሽራ ሲገባ ሁሌ እዚያ ላይ እናቆማለን።»

ያምሮት መደበቅ ሰለቻት። ግራ እጇን ዘርግታ ሁሉንም ነገረችው፤ ጣቶቹን፣ ሽቦውን፣ ዘበኛውን። ዳኘው ሁለቱን ጣቶች በየተራ ከፍ ዝቅ አድርጎ አያቸው።

«እና ከሞቱ በኋላ ነው የተሻልሽ?» አለ። «ጎበዝ፣ እኔም አንድ ጥርሴን ላስነቅል መሰለኝ።» ይህን ብሎ ወደ ጠላው ሄደ። በቃ። ወራት ሙሉ የፈራችው ነገር ይህን ያህል ነበር።

ያምሮት እህቷን ልትስም ወደ ሙሽሮቹ ወንበር ሄደች። እናኑ ግራ እጇን ያዘቻትና መዳፏን ሳይሆን ሁለቱን ጣቶች ብቻ ለይታ ሳመቻቸው።

«እነዚህ አይሰሙም፣ አይደለ?»

ያምሮት ክው አለች። «ማን ነገረሽ?»

«ሹሩባዬ» አለች እናኑ። «ፋሲካም ስትሠሪኝ እንዲሁ ነበር። ግራው ይላላል። ዛሬ ጠዋት ፀጉር ሠሪዋ ይህንን ጎን ፈትቼ ልድገመው ብትለኝ ንኪውና ታያለሽ አልኳት። እንዲሁ ላልቶ ነው የገባሁት።»

«ከፋሲካ ጀምረሽ እያወቅሽ ምነው ዝም አልሽኝ?»

«ማወቄን ካወቅሽ ትቀሪያለሽ። እኔ ደግሞ አንቺ ካልተጫወትሽ አላገባም ነበር። አባየም ያውቃሉ፤ እሳቸውም ዝም በያት ብለውኛል።»

ያምሮት መጀመሪያ ልትቆጣ አሰበች፤ ቁጣው ሳይመጣ ሳቅ ቀደመው፤ ሳቁን እንባ ተከተለው። ከደረቷ ላይ አንድ ትልቅ ነገር የወረደላት መሰላት። ስታቅፋት የእናኑ የግራ ሹሩባ ተፈቶ ጆሮዋ ላይ ወደቀ።

«ዙሪ» አለቻት። በሦስቱ ጣቶቿ ፀጉሩን ሰብስባ መጎንጎን ጀመረች፤ ሊያመልጣት ሲል ቆም አለች። ከባጃጁ አደጋ ወዲህ ማንንም ያዝልኝ ብላ አታውቅም ነበር።

«እናኑ፣ ጫፉን ያዢልኝ።»

እናኑ እጇን ወደ ኋላ ልካ ያዘችላት።